የአጎቴ ቁስልና ጥርት ያለው ጄል

ለአጎቴ አላህ ይዘንላቸው። ሀርጌሳ፣ ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ጨርቅ ሊቆርጥ መቀስ ላነሳ ሁሉ «መጀመሪያ እይ፣ ከዚያ ንካ» ይሉ ነበር። ስኳር በሽታ እግራቸውን ሲያቆስለው ግን ነገሩ ተገለበጠ። ነርሷ ቁስሉን ለማየት ፋሻውን መላጥ ነበረባት፤ ፋሻው ሲነሳ ደግሞ መዳን የጀመረው ሥጋም አብሮ ይነሳል። ሐኪሙ እግሩ ሊቆረጥ ይችላል ማለት ጀምሮ ነበር።

እኔ በምሠራበት ላቦራቶሪ ከጥጥ በሚወጣ ሴሉሎስ ለቁስል መሸፈኛ የሚሆን ጄል እንሠራ ነበር። መጀመሪያ እንደ አጥሚት እየደፈረሰ አስቸገረን። ደጋግመን አጥበንና አጣርተን በመጨረሻ እንደ ብርጭቆ ጠራልን። ሐኪሙ መርምሮ ሲፈቅድ ነርሷ ቁስሉ ላይ አደረገችው።

አጎቴ ጎንበስ ብለው አዩት። «ሳትነኩኝ ታዩኛላችሁ ማለት ነው?»

«አዎ ጋሼ፤ ካልቀላና ካላመረቀዘ አንነካውም» አለቻቸው ነርሷ።

«እንግዲያው እኔም ልየው» ብለው መነጽራቸውን አጠለቁ። ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱ ራሳቸው እያዩ «ዛሬ ጠቧል» ብለው ይደውሉልኝ ነበር። ቁስሉ ገጠመ። ጁምዓንም በእግራቸው ሄደው ሰገዱ።

ባለፈው ወር በእንቅልፋቸው አረፉ። ጠዋት ጠዋት ስልኬ ዝም ሲል አሁንም ይከብደኛል። ገላቸውን ካጠቡት አንዱ እኔ ነበርኩ። እግራቸው ላይ ስደርስ ከመንካቴ በፊት አየሁት። ቆዳው ሙሉ ነበር፤ ውሃው ኩልል ብሎ ወረደበት። «አልሃምዱሊላህ» አልኩና ማጠቤን ቀጠልኩ።