ክር የታሰረባት ጫጩት

የልጅ ልጄ የመጫወቻ መኪናው ባትሪ አልቆበት ሲያኮርፍ የቆርቆሮ ጫጩቴን ከቁም ሳጥኑ አወጣሁለት። ቢጫ ቀለሟ ተላልጧል፤ የማሽን ዘይት ሽታዋ ግን አልለቀቃትም። በጎኗ ያለው የመሙያ ቁልፍም ይዞራል።

ያመጣልኝ አባቴ ነበር። በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ማሽን ይጠግን ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሆዷን ፈትቶ አሳየኝ። ውስጧ ሞላ የሚሉት ቀጭን የብረት ጥብጣብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ቁልፉ ሲዞር ጥብጣቡ ይጠብቃል፤ ሲለቁት ወደ ቦታው ለመመለስ ይታገላል፤ ጥርስ ያላቸው ትንንሽ መዘውሮች ደግሞ ባንዴ እንዳይፈታ ይይዙታል።

«ጉልበቱ የእጄ ነው» አለኝ። «እሷ ጥቂት በጥቂት ትመልሰዋለች እንጂ የራሷ የላትም።»

«ሳትለቀቅ ብትቀመጥስ፣ አባባ?»

«ይዛው ትቆያለች።»

አንድ ቅዳሜ አባቴ ሞልቷት ሲሚንቶው ላይ ሊያስቀምጣት ሲል ሁለት የቀበሌ ጠባቂዎች ጠመንጃ ይዘው ገቡ። «ለጥያቄ ነው፤ ምሳህ ሳይቀዘቅዝ ትመለሳለህ» አለው አንደኛው። አባቴ ጫጩቷን መዳፌ ላይ አኖረና አውራ ጣቴን እግሮቿ ላይ ጫነልኝ። «ያዢያት፣ መጣሁ» ብሎ ወጣ።

ያዝኋት። ጣቴ ሲዝል አባቴ ከፋብሪካው ባመጣው ቁራጭ ክር እግሮቿን አሰርሁ።

እናቴ በየቀኑ ስንቅ ወደ እስር ቤቱ ትወስድ ነበር። የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፤ ምሳ ዕቃው ባዶውን ከተመለሰ ሰውየው በሕይወት አለ፤ ምግቡን አንቀበልም ካሉ ግን ሌላ ነገር አይጠየቅም። እኔ ስትመለስ በር ላይ ቆሜ እጇን አይ ነበር። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ መስኮቱን ባንኳኳ ቁጥር ክሩ የተበጠሰ እየመሰለኝ ወደ ጫጩቷ እሮጥ ነበር።

«ልቀቂያት እንጂ፣ ሞላው ይደክማል» አሉኝ ጎረቤታችን እትዬ ጥሩነሽ።

«የአባባ ጉልበት አለበት» አልኋቸው።

እናቴ ሰማችኝ። ከዚያ በኋላ ስንቁን ይዛ ከመውጣቷ በፊት የክሩን ቋጠሮ በጣቷ ነካ አድርጋ ትሄድ ጀመር።

ክረምቱ ሲወጣ አባቴ መጣ። ቀኝ እጁን ከጋቢው ሥር አላወጣም።

«ጫጩቷስ?» አለ።

ፊቱ አስቀምጬ ክሩን በመቀስ ቆረጥሁት። ለአፍታ ቆመች። ከዚያ ሲሚንቶውን እየለቀመች እስከ እግሩ ሄዳ ዝም አለች። እንደገና እንዲሞላት ሰጠሁት። ቀኝ እጁን አወጣ፤ ጣቶቹ ቁልፉን ሊጨብጡት አልቻሉም።

«እንግዲህ አንቺ ሙዪያት» አለኝ።

እናቴ ምሳ ዕቃውን አንሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

ዛሬ የልጆች መጫወቻ የሰው ጉልበት አይፈልግም፤ ባትሪው ሲያልቅ ሌላ ይገዛል። የእኔም ጣቶች ቁልፉን አይጨብጡም፤ የሚሞላት የልጅ ልጄ ነው። እናቱ ስትጠራው እንደሞላት ትቶ ሊሮጥ ይነሣል።

«ለቅቀሃት ሂድ» እለዋለሁ።

ይለቃታል። እስክትቆም ድረስ አብረን እናያታለን።