ከላማችን ጎን የምትግጠው ቆርኬ

ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ሶዶ ገበያ አንድ ጨርቅ መሸጫ ገብተን ነበር። ባለሱቁ ከመደርደሪያው አንድ ጥቅል አውርዶ ሲዘረጋው ሰማያዊው ጨርቅ ፊቴ ላይ ተርገበገበ። ያው እንደ ማንኛውም አዲስ ጨርቅ ነበር የሚሸተው። እኔን ግን የመድኃኒት፣ የተረገጠ እርጥብ ሣርና የከብት ትንፋሽ ሸተተኝ። እናቴ ለመጋረጃ ይሆን እንደሆነ ጠየቀችኝ።  ያን ሰማያዊ እሷ አታውቀውም፤ በዚያ ዓመት አብረን አልነበርንም።

ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ዛሬ ደህና ናት፤ ያኔ ግን ታማ ሐዋሳ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። አባቴ በሚያስተምርበት ትምህርት ቤትና በእሷ አልጋ መካከል ሲመላለስ እኔን የሚይዝበት ጊዜ አጣ። ስለዚህ ከቤሌ ከተማ በታች፣ ቆላው ውስጥ ወደምትኖረው እህቱ ወሰደኝ።

አክስቴ ዘንድ ከእኔ ቀድማ የሄደች የአባቴ ላም ነበረች። ሃራ ይሉታል። ከብት ኖሮት ግጦሽ የሌለው ሰው ላሙን ለሌላ ይሰጣል፤ ጠባቂው ወተቱንና እበቱን ይጠቀማል፤ ላሚቱ ግን የባለቤቷ እንደሆነች ትኖራለች። ጠባቂ ያለ ባለቤቱ ቃል አይሸጣትም፣ አያርዳትም፣ ሲቸግረውም በራሱ አይወስንባትም። የደረስኩ ቀን የአክስቴ ባል ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝና፣ "መምህሩ ሁለተኛ ሃራ ላከልን፤ ይቺኛዋ ወተት የላትም እንጂ" አለ። በግቢው የነበረው ሁሉ ሳቀ። ቀልደኛ ሰው ነበር፤ ክፋት አልነበረበትም። እኔ ግን ለመሳቅ ሳልደርስ አለፈኝ።

እዚያ ሁሉም የሚያወራው በወላይትኛ ነበር። የእኔ ወላይትኛ የከተማ ልጅ ወላይትኛ ነው፤ የተናገርኩትን የአክስቴ ልጆች እየተቀባበሉ ይደግሙት ነበር። ቀስ በቀስ መናገር ተውኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ወደ ግጦሹ ወርጄ ከላሚቱ አጠገብ እቀመጥ ነበር፤ ከቤታችን የመጣን እኔና እሷ ብቻ ነበርና።

ቆርኬዋን ያየኋት እዚያ ነው። መጀመሪያ የጎረቤት ጥጃ መስላኝ ነበር። ቀና ስትል ግን ፊቷ ረጅም፣ ቀንዶቿ ወደ ኋላ የታጠፉ፣ ገላዋ ፀሐይ ሲያርፍበት እንደ ሸክላ የቀላ ነበር። አክስቴ እንደነገረችኝ፣ ከታች ካለው የዱር እንስሳት ፓርክ በኩል ከመንጋዋ ተነጥላ የቀረች ናት። ከሌሎቹ ከብቶች ፈንጠር ትላለች። ከላማችን ጎን ስትሆን ግን ጥላቸው እስኪነካካ ተጠግታ ትግጣለች። ዓይኔን ጨፍኜ እሰማቸው ነበር። ላሚቱ ረጅሙን ሣር በምላሷ ጠቅልላ ስትነጨው ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። ቆርኬዋ ከኋላዋ እየተከተለች፣ ላሚቱ ከፍታ የተወችላትን አጭሩን ሣር ቀጨት ቀጨት ታደርጋለች። የአንዷ ጥጋብ የሌላዋን አይቀንስም ነበር።

አክስቴ በግጦሹ ዳር ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ቦሌ ታደርግ ነበር፤ ከብቶች የሚልሱት ጨዋማ አፈር ነው። ከብቶቹ ልሰው ሲሄዱ ቆርኬዋ መጥታ የቀረውን ትልስ ነበር። እኔን ስታይ ትቆማለች፤ ካልተንቀሳቀስኩ ትቀጥላለች። እንደ እኔ ዝም ለሚል ሰው ይህ ቀላል ነው።

ዝናቡ አባርቶ ሣሩ ሲጠነክር ላሚቱ ከሳች። ፀጉሯ ቆመ፣ ዓይኗ አለቀሰ፣ ወተቷም ነጠፈ። ገንዲ ነው ተባለ፤ ቆላ ላይ ከብት የሚጨርስ በሽታ ነው። ጎረቤታችን የሆነች ሴትዮ፣ "ከአውሬ ጋር አንድ ድንጋይ እየላሰች ምን ይጠበቃል?" አለች። ያን ዕለት የቦሌውን ድንጋይ እየገፉ ወስደው ቤት ጓሮ ደበቁት።

የእንስሳት ጤና ሠራተኛው ከቤሌ በሞተር ብስክሌት መጣ። ላሚቱን ወጋት፤ በየቁጥቋጦው መካከል መድኃኒት የተነከረ ሰማያዊ ጨርቅ በእንጨት ወጥሮ ተከለ። የገንዲ ዝንብ ያንን ቀለም ትወዳለች አሉ። ሲሄድ በሽታው በመላስ እንደማይተላለፍ፣ ዝንቧ ከአውሬዋ ደም አምጥታ ላሚቱን እንደምትነክስ፣ አውሬዋ ግን እንደማትታመም አስረዳቸው። ድንጋዩን እንዲመልሱ ብሎ ነበር። እነሱ የሰሙት ግን ሌላውን ግማሽ ነው። የአክስቴ ባል፣ "እንግዲህ የበሽታው ጎተራ እሷ ናት" አለ። በውሻና በጦር ወደ ወንዙ ሊያባርሯት ተማከሩ። ውሻ የያዘው አውሬ ወንዝ እንደማይደርስ ሁሉም ያውቃል።

አክስቴ ናት ያቆመቻቸው። ላሚቱ የሰው ናት፣ ባለቤቱ ይጠየቅ አለች። የአባቴ ስልክ ዝግ ነበር፤ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ጊዜ ያጠፋው ነበር። ግቢው ዳር ካለው ሾላ ሥር የተቀመጡት ወንዶች አጉረመረሙ። የአክስቴ ባል ዞር ዞር ብሎ እኔ ላይ ቆመ።

"ባለቤቷ እዚህ አለች አይደል? በይ የመምህሩ ልጅ፤ አውሬዋ ትባረር ወይስ የአባትሽ ላም ትሙት?"

እየቀለደ መስሎኝ ነበር። ሰዎቹ ግን ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ጠበቁ። የሃራ ነገር ለካ ቀልድ የለውም። ዛሬም ቢሮ ስብሰባ ላይ አስተያየቴን ሲጠይቁኝ ያኔ የተሰማኝ ሙቀት ከአንገቴ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ቆርኬዋ ትኑር ብዬ መናገር ፈራሁ፤ የአባቴን ላም መግደል ይሆንብኛል። ትባረር ማለትም አቃተኝ።

"ላሚቱ ደጋ ትውጣ" አልኩ በዚያ በተሰባበረ ወላይትኛዬ። "እዚያ ዝንቡ የለም።"

ማንም አልሳቀም። የአክስቴ ባል ጺሙን አሸት አሸት አድርጎ፣ "ይቺ ልጅ ወተቱን ወሰደችብን" አለ። አክስቴ፣ "ጠየቅክ፣ ተነገረህ። ይቅርብን" ብላ ተነሳች። ያ ወተት ለልጆቿ ምን እንደነበር እኔም አውቅ ነበር። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ነጠላውን እያጣፋ፣ ላሚቱ ከሄደች አውሬዋስ ለማን ብላ ትቆያለች፣ ውሻ ማድከም አያስፈልግም አለ። እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ላሚቱ ትንሽ ስታገግም አባቴ ደጋ ላይ ለሌላ ጠባቂ ሊሰጣት መጣ። ሳይነጋ ልብሴን ቦርሳ ውስጥ ከትቼ በሩ ላይ ቁጭ ብዬ ነበር። ማንም ተዘጋጂ አላለኝም፤ ላሚቱ ከወጣች እኔም የምወጣ መስሎኝ ነው። አባቴ ከስቶ ነበር፤ ኮቱ ሆስፒታል ሆስፒታል ይሸታል። ቦርሳውን አየ። የላሚቱን ገመድ ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረው።

"ትምህርት እስኪዘጋ ነው፣ እሺ? እናትሽ ገና ናት።"

እሺ አልኩ። ራሴን ዳበሰኝና ላሚቱን እየሳበ ዳገቱን ያዘ። እሷ አንዴ ቆማ ወደ ግጦሹ ዞረች፤ ገመዱ ጠበቀና ተከተለችው። መታጠፊያው እስኪሰውራቸው አየሁ፤ ከዚያ ቦርሳውን ቦታው መለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ወደ ግጦሹ ወረድኩ። ሌሎቹ ከብቶች ተበትነው ይግጡ ነበር፤ ቆርኬዋ ዳር ላይ ቆማለች፣ አትግጥም። አንገቷን እያሰገገች በመካከላቸው አየች። ፀሐይዋ ዝቅ ስትልና ከብቶቹን ወደ ቤት ሲነዷቸው ቀስ ብላ መጣች። ላሚቱ ስታመሰኳ የምትተኛበት፣ ሣሩ የተደፈጠጠበት ቦታ ነበረ። አሸተተችው። ረጅም ጊዜ አሸተተችው። ከዚያ የፊት እግሮቿን አጥፋ እዚያው ሣሩ ላይ ተኛች።

ተኝታ አይቻት አላውቅም ነበር። ከእኔ ብዙም አትርቅም፤ ጎኗ ሲነሳና ሲወርድ ይታየኛል። አክስቴ ከቤት ደጅ ሆና ስሜን ጠራች፣ ደግማ ጠራች። ድምፄን ካሰማሁ ቆርኬዋ ትነሳለች ብዬ አልመለስኩላትም።