በቀኝ በኩል ያለው መስኮት

ሰፈሩ "አባባ ባቡር" ይላቸዋል። ስሙ በከንቱ አልወጣላቸውም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ባቡር ጣቢያ ግቢ ውስጥ ፉርጎ ሲገፉና ሲጎትቱ የኖሩ ሰው ናቸው። አገር አቋርጠው ነድተው ግን አያውቁም። የእሳቸው ትንሿ ባቡር ከግቢው አጥር ወጥታ አታውቅም፤ ሥራዋ ፉርጎዎቹን ከአንዱ ሐዲድ ወደ ሌላው እያዘዋወረች ለትልልቆቹ ባቡሮች ማሰለፍ ነበር። ጡረታ ከወጡ ወዲህ አሮጌ የመጫወቻ ባቡሮችን እየፈቱ፣ የአንዱን ሆድ ለሌላው እየገጠሙ፣ ሱቅ ውስጥ የማይገኝ ባቡር ይሠራሉ። ጎረቤት "በስተርጅና ልጅነታቸው መጣ" እያለ ይስቅባቸዋል። ይሳቅ። የሩዝ ፍሬ የምታህል ብሎን ሳይጥል የሚፈታ እጅ ያለው ጎረቤት ካለ ይምጣና ያሳየን።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ የቀጭኔ ልጅ መጣች። ቀጭኔ ግቢው በቁመቱ የተነሣ ያወጣለት ስም ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አብሯቸው የሠራ፣ ፉርጎ የሚያያይዝና የሚፈታ ባልደረባቸው ነበር። ሁለት ፉርጎ መሃል ተጨፍልቆ ከሞተ ሃያ ስድስት ዓመት ሆነው። ባቡሯን ይነዱ የነበሩት አባባ ባቡር ናቸው። ልጅቱ ያኔ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ ዛሬ ልብስ ሰፊ ናት፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ ነው የመጣችው። ከፌስታል ውስጥ ሁለት የተሰባበሩ የመጫወቻ ባቡሮች አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ጋሼ፣ ከአሮጌ ዕቃ ተራ ነው ያገኘኋቸው። የአባቴን ባቡር ይሥሩልኝ። እናቴ ዓይኗ እየደከመ ነው፣ በእጇ ዳስሳ እንድታውቃት ነው የምፈልገው። ልክ እንደነበረችው ትሁን፣ እሺ?"

"እሺ" አሉ። ሌላ ምን ይላሉ? ልጅቱ ከወጣች በኋላ ግን ያን ቀን አንድም ዕቃ ሳይነኩ ዋሉ።

ሥራው ራሱ ለእጃቸው አዲስ አልነበረም። እውነተኛዋ ባቡርም እኮ ከሁለት ሙት ባቡሮች የተፈጠረች ናት፤ የግቢው ጋራዥ የአንዷን ሞተር ከሌላዋ ገላ ጋር በብየዳ አጋብቶ ነው ያቆማት። አባባ ባቡር ያንኑ በትንሹ ደገሙት። አሮጌውን ቀለም የፍሬን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው በጥርስ ብሩሽ አወለቁ። የአንዷን አፍንጫ በቀጭን መጋዝ ቆርጠው ከሌላዋ የነጂ ክፍል ጋር ገጠሙ፤ ስፌቱን ሞርደው ሞርደው ጥፍር እንኳ እንዳይዘው አደረጉ። የእጅ መያዣዎቹን ከጊታር ክር፣ ባልደረባቸው ቆሞ ይሄድባት የነበረችውን መርገጫ ከወተት ቆርቆሮ ክዳን ሠሩ። ጎማዎቹ ሐዲዱ ላይ እንዳይንሸራተቱ ሆዷ ውስጥ ለክብደት የእርሳስ ብረት አስተኙላት። ቀለሟ ሲደርቅ ቁርጥ እሷው ሆነች፣ እሳቸውም ራሳቸው ደነገጡ።

መስኮቱ ቀረ። ነገሩ ሁሉ ያለው እዚያ ነው።

የባቡሯ የቀኝ መስኮት ከዓመታት በፊት ተሰብሮ ነበር። ምትክ መስታወት ሲጠፋ ጋራዡ በላሜራ ደፈነው። ቀጭኔ ደግሞ የሚሠራው በቀኝ በኩል ነው። ደንቡ "ነጂ የአያያዡን እጅ ሳያይ ንቅንቅ አይበል" ይላል፤ በላሜራ አሻግሮ የሚያይ ነጂ ከየት ይምጣ? ሁለቱ የራሳቸውን ደንብ አወጡ። ቀጭኔ ፉርጎዎቹን የሚያቆላልፈውን ጋንቾ አያይዞ ከፉርጎዎቹ መሃል ሲወጣ ላሜራውን በቡጢ ሁለቴ ይመታል። ኳ፣ ኳ። ነጂው ፍሬኑን ይለቃል። አለቃቸው ካቦው ያውቅ ነበር፣ ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር፤ ሥራው ስለሚፈጥን ሁሉም ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሰባት ዓመት እንዲህ ተሠራ።

ያን ቀን ያካፋ ነበር። ኳ፣ ኳ አለ። አባባ ባቡር ፍሬኑን ለቀቁ። ቀጭኔ ግን ገና ከመሃል አልወጣም ነበር።

ማን መታው? የተንጠለጠለ ሰንሰለት ይሁን፣ የላላ በር ይሁን፣ ወይስ የገዛ ጆሯቸው ይሁን፣ እስከ ዛሬ አያውቁትም። የሚያውቁት ማግስቱን የሆነውን ነው። መርማሪዎቹ ከመድረሳቸው በፊት ካቦው ላሜራውን አስነቅሎ አዲስ መስታወት አስገባ። ከዚያ ወደ እሳቸው ዞሮ "መስኮቱ ይኸው። እጁን አይተሃል። ያለዚያ ሁላችንም ገደል ገባን" አላቸው። አይቻለሁ ብለው ፈረሙ። የምርመራው ወረቀትም "ሟች የእጅ ምልክት ከሰጠ በኋላ በራሱ ግድየለሽነት ተመልሶ ገባ" ብሎ ተዘጋ።

እንግዲህ አሁን ጠረጴዛው ላይ ሁለት ነገር ተቀምጧል፤ ከክኒን ማሸጊያ የተቆረጠች ብርሃን የምታሳልፍ ፕላስቲክ፣ ከጎኗም አንዲት የቆርቆሮ ቁራጭ። ሁለቱም ከትንሽ ጣት ጥፍር ያንሳሉ። ፕላስቲኳን ከለጠፉ ልጅቱ ደስ ብሏት ትሄዳለች፣ እሳቸውም ውሸቱን ይዘው መቃብር ይወርዳሉ። ቆርቆሮዋን ከለጠፉ መጠየቋ አይቀርም።

ፕላስቲኳን ለጠፉ። ፈሪ ናቸው፤ ይህን እኔ አልጨመርኩባቸውም፣ ራሳቸው ያውቁታል።

ከዚያ ባቡሯን ጠረጴዛው ላይ በዘረጓት አጭር ሐዲድ ሞከሯት። ከመነሣቷ በፊት ኳ፣ ኳ አለች። ወዲያው አቆሟት። ማርሹን ፈቱ፣ ጥርሶቹን በአጉሊ መነጽር አንድ በአንድ አዩ፤ የተሸረፈ የለም። ዘይት አጠጡት። ኳ፣ ኳ። የሌላዋን ባቡር ማርሽ ቀየሩላት። ኳ፣ ኳ። በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ ላይ ሰው እየተንጫጫ፣ በገዛ ቤታቸው ፈሩ። የኤሌክትሪክ ገመዷን ከግድግዳው ነቅለው ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡ።

በሳምንቱ ልጅቱ ሥራውን ለማየት ጎራ አለች። አንስታ አገላበጠቻት፣ ሳቀች፣ መስኮቷን በጣቷ ነካች።

"በዚህ ነዋ እጁን ያሳይዎት የነበረው" አለች። ከዚያ ሳቋ ከሰመ። "ልጅ ሆኜ ብርጭቆ ከእጄ ባመለጠ ቁጥር እናቴ 'እንዳባትሽ ግድየለሽ አትሁኚ' ትለኝ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ መርፌ እንኳ ሦስቴ ሳልቆጥር ከሱቄ አልወጣም።"

አባባ ባቡር ባቡሯን ከእጇ ተቀበሏት። ውሸቱ ወረቀት ላይ ተኝቶ የቀረ መስሏቸው ነበር፤ ለካስ ከአንዲት ልጅ ጋር አብሮ አድጓል። "ለነገ ትደርሳለች" ብለው ሸኟት። እግሯ ከመውጣቱ ፕላስቲኳን በወረንጦ ነቀሉ፣ ቆርቆሮዋን ለጠፉ፣ በዙሪያዋ የብሎን ራስ የሚመስሉ ስምንት የሙጫ ነጠብጣቦች አስቀመጡ። ድምፁ አልተዋትም። እሳቸውም ዳግመኛ ማርሹን አልፈቱም።

በማግስቱ መጣች። ባቡሯን በመዳፏ ይዛ በፍቅር ስታሻሽ ጣቷ ቆርቆሮዋ ላይ ቆመ።

"ጋሼ፣ መስኮቱስ?"

"አልነበረም።"

"እንዴ! ትናንት እኮ ነበረ።"

"መስታወቱ የገባው አባትሽ በሞተ ማግስት ነው። ከዚያ በፊት ሰባት ዓመት ላሜራ ነበር።"

ቀልጣፋ ናት፣ አላስደገመቻቸውም። "ታዲያ እጁን በምን አዩት?"

"አላየሁም። ምልክትም አልሰጠኝም፣ ሥራው ላይ ነበር።" አሉ። "አባትሽ ግድየለሽ አልነበረም፣ ልጄ። ከሁላችንም ጠንቃቃው እሱ ነበር። ሳላይ የነዳሁት እኔ ነኝ። አየሁ ብዬ የፈረምኩትም እኔ ነኝ።"

ከዚያ ሁሉንም ነገሯት፤ ቡጢውን፣ ካፊያውን፣ የካቦውን መስታወት። ስድብም ዱላም ቢሆን ለመቀበል ተዘጋጅተው ነበር። እሷ ግን ወንበሩ ላይ ቁጭ አለች፣ ባቡሯንም ጭኗ ላይ አኖረች።

"እኔ እኮ አባቴን ተቀይሜው ነው ያደግኩት" አለች። "ትቶን የሄደ ነበር የሚመስለኝ። በገዛ እጁ፣ በማይረባ ነገር። መቃብሩ ድረስ ሄጄ አላውቅም።"

አባባ ባቡር አለቀሱ። እሷ አላለቀሰችም፤ ባቡሯን በፌስታሉ ጠቅልላ ተነሣች።

"ይነሡ።"

"ወዴት?"

"እናቴ ጋ። እኔ አልነግራትም። ባቡሯን ዳስሳ እዚህ ቆርቆሮ ላይ ስትደርስ እርስዎ አጠገቧ ይሆናሉ፣ በራስዎ አፍ ይነግሯታል።"

ጫማቸውን ከአልጋው ሥር ስበው አጠለቁ። የጊታር ክር በወረንጦ የሚያጥፉ ጣቶች የጫማ ማሰሪያ ማሰር አቃታቸው፤ አንዴ ሞከሩ፣ ሁለቴ ሞከሩ። ልጅቱ አየቻቸው። ከዚያ ፌስታሉን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ተንበረከከች፣ ሁለቱንም ጫማ አጥብቃ አሰረችላቸውና በሩን ከፈተች።