ድምፁ የማይሰማ ልጅ

ጉርድ ሾላ ያለችው የልጄ አስተማሪ፣ «ልጅዎ በጣም ጨዋ ናት፤ ድምጿ እንኳ አይሰማም» አለችኝ። ማመስገን ሲገባኝ ክው አልኩ።

በደርግ ጊዜ ሲግናል ስንኖር አጎቴ ቤታችን ኮርኒስ ውስጥ ተደብቆ ነበር። አክስቴ ሐዋ በየጠዋቱ ኮሌታዬን እያስተካከለች፣ «የኔ ልጅ፣ ኮርኒስ ላይ የሚንኮሻኮሸው አይጥ ነው። አፍህ ካመለጠህ ይገድሉታል» ትለኝ ነበር። ስለዚህ ክፍል ውስጥ ትንፍሽ አልልም ነበር።

መምህራችን የልጅ ጠባይ ከአቀማመጡ አውቃለሁ ባይ ነበሩ። አንድ ቀን ተማሪው ፊት አቆሙኝና፣ «ከዚህ ጨዋ ተማሩ! ዛሬ ቤቱ ሄጄ አሳዳጊዎቹን አመሰግናለሁ» አሉ።

ቤታችን እንዳይመጡ ጨዋነቴን ማፍረስ ነበረብኝ። ወደ ቦታዬ ስመለስ አጠገቤ የሚቀመጠውን ልጅ በጥፊ አጮልኩት።

«ለካ ድብቅ ዱርዬ ነህ!» አሉ መምህሩ፣ ጆሮዬን ጠምዝዘው። «ምን ሆነህ ነው?»

«እንዲሁ ነው ቲቸር።»

«እንዲሁ? ይህንን ለቤተሰብህ እኔው ራሴ መጥቼ እነግራለሁ። ዛሬውኑ!»

ከልጄ ጋር ወደ ቤት ስንመለስ፣ «ክፍል ውስጥ ለምን አታወሪም?» አልኳት።

«እንዲሁ ነው አባዬ» አለችኝ፣ ዓይን ዓይኔን እያየች።