የማይቋረጠው ሸበካ

ወታደሮቹን የሚቃወሙት ሰልፈኞች በጥይት ከተበተኑ በኋላ በካርቱም የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ። ያኔ ሐበሾች በሚበዙበት በዴም ሰፈር ስልክ የምጠግንባት ጠባብ ሱቅ ነበረችኝ። የአገሬ ልጆች ቀኑን ሙሉ እየመጡ ሸበካው፣ ማለትም ኔትወርኩ፣ ተመልሶ እንደሆነ ይጠይቁኛል። አልተመለሰም።

ከሁሉም የምታሳስበኝ ካፉሪ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ ቪላ የምትሠራ ሴት ነበረች። ሲም ካርድ የምታወጣበት ወረቀት ስላልነበራት ስልኳ የሚሠራው በሱቄ ኢንተርኔት ብቻ ነበር፤ የሱቄም ከሞባይል ስለሚመጣ አብሮ ጠፍቷል። ታናሽ ወንድሟ ከእሷ ጋር ተጣልቶ ከደላሎች ጋር ወደ ሊቢያ ሄዷል። ስለ እሱ የሰማችው ነገር የለም።

በዕረፍት ቀኗ፣ በጡብና በጎማ የታጠሩትን መንገዶች በእግሯ እያቋረጠች መጣች። ተቀምጣ ሳለ አንድ ሱዳናዊ ሻጭ ገባና ከቦርሳው ኢንተርኔት የሚስብ ትንሽ ሣጥን አወጣ። ሞገዱ ከሞባይሉ የተለየ ስለሆነ ማንም ሊቆርጠው አይችልም አለ። ተከትሎት የገባ ሌላ ሻጭ፣ ካርቱም ያደገ ሐበሻ፣ ሳቀበት። የዚያኛው ያረጀ ነው፣ የእኔ አዲሱ ትውልድ ነው፣ ወላሂ አይቆምም እያለ በተሰባበረ አማርኛ ማለላት።

«የትኛውን ልውሰድ ጋሼ?» አለችኝ።

ሁለቱም እዚሁ ይሞከሩ አልኩ። ቅር እያላቸው ሣጥኖቻቸውን አበሩ። የሁለቱም መብራት አረንጓዴ ሆነ። ስልኳን ከአንዱ፣ ቀጥሎም ከሌላው ጋር አገናኘሁት። ወታደሮች የጫነ ፒክአፕ በደጃፉ ሲያልፍ መዝጊያውን ወደ ታች ሳብ አደረግሁ። ስልኳ ላይ ምንም መልእክት አልገባም። አንዱ በግድግዳው አሳበበ፤ ሌላው ከሰዓት በኋላ ይሠራል፣ ኢንሻላህ አለ።

«መብራቱ ከአንቴናው ጋር መገናኘቱን ብቻ ነው የሚያሳየው፤ ከዚያ ወዲያ ከተዘጋ ሁለቱም ያው ናቸው» አልኳት።

«ተስፋዬን ነጠቅከኝ» አለች።

ቪላው የሽቦ ስልክ እንዳለው ጠየቅኋት፤ በአንዳንድ ቤቶች በሽቦ የሚመጣው ኢንተርኔት እንደሚሠራ ሰምቼ ነበር። አለው አለች፤ ግን አሠሪዋን፣ መዳሟን፣ እንድታገናኝላት ልትጠይቅ ትፈራለች፤ ቢያባርሯት ማደሪያ የላትም። እርግጠኛ አለመሆኔን ሳልደብቅ፣ እንድትጠይቅ መከርኳት። ሻጮቹ ሣጥኖቻቸውን ይዘው ወጡ።

ሳምንቱን ሙሉ ተጨነቅሁ። በእኔ ምክር ብትባረርስ?

በሚቀጥለው ዕረፍቷ ስትመጣ ገና ከበሩ ስልኳን ዘረጋችልኝ። መዳሟ ስልኳን ተቀብላ ከቤቱ ኢንተርኔት ጋር አገናኝታላት ነበር። የወንድሟ መልእክቶች እዚያው ተከታትለው ገብተዋል። ሊቢያ ደርሶ ጋራዥ ውስጥ ሥራ አግኝቷል። ዝም ያለችው በጠባቸው የተነሣ መስሎት ኖሯል።

«እህቴ፣ አሁንም ተቀይመሽኛል?» ይላል በድምፅ መልእክቱ።

ያን ቀን እዚያው ቪላው ወጥ ቤት ቆማ እንደመለሰችለት ነገረችኝ። እሱም ወዲያው ደወለ፤ ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ።