ቀይዋ መኪና በአባቴ ለቅሶ

ወጣቶች ስለ መኪና መልክ ሲከራከሩ ከሰማሁ አፌን መያዝ አልችልም። መኪና ማለት ፊቷ ረዘም፣ ኋላዋ ሰብሰብ ያለ፣ ጎኗ ላይ የማይረባ ጌጥ ያልተለጠፈባት ናት። ሁለት ቀለም የተቀባች አልወድም፤ ነጭ ደግሞ የሐኪም ቤት ግድግዳ ይመስለኛል። "እትዬ፣ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት?" ይሉኛል። ያስተማረኝ አባቴ ነው። እሱ ግን ዕድሜውን ሙሉ መኪና ላይ ተሳፍሮ አያውቅም፤ የሚያውቀው በቅሎ ነበር።

አባቴ በሰቆጣ ገበያ ዓይኑ የሚታመን ሰው ነበር። በቅሎ የሚገዛ ሁሉ እሱን ሳያማክር እጁን ወደ ኪሱ አይሰድም። "መጀመሪያ ከሩቅ እያት። አንገቷን፣ ደረቷን፣ አቋቋሟን። ቀለሟን በመጨረሻ፤ ቀለም አታላይ ነው" ይል ነበር። እንዲህ እያለ የራሱን በቅሎ የገዛት ግን በቀለሟ ተማርኮ እንደሆነ ቤተሰቡ በሙሉ ያውቃል። ዳማ ነበረች፤ የጧት ፀሐይ ሲያርፍባት ቀይ፣ ወደ ማታ የታረሰ መሬት የምትመስል። እናቴ "ከእኔ ይልቅ እሷን ነው የምታያት" እያለች ትተርበው ነበር።

ዝናቡ የቀረ ዓመት ያችን በቅሎ ሸጠና እህል ይዞ ተመለሰ። ልጓሟን ግን አልሸጠውም፤ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ከዚያ ወዲያ ገበያ መውጣቱን ተወ። በእግሩ ሲሄድ ሰው እንዲያየው አልፈለገም። በዓመቱ ሞተ።

ቀብሩ አለፈ፤ ትልቁ ለቅሶ ግን አስመራ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራው ታላቅ ወንድሜ እስኪመጣ ቆየ። እኛን እንቅልፍ የነሳን ሌላ ነገር ነበር። በእኛ አገር የበቅሎ ጌታ ሲሞት በቅሎው በለቅሶው ሜዳ ትዞራለች። ኮርቻዋ ላይ በርኖሱና ጠመንጃው ይደረጋል፤ በልጓሟ ይስቧታል እንጂ ማንም አይቀመጥባትም። ያን ባዶ ኮርቻ አይቶ የማያለቅስ የለም። ለሌላ ሰው ቢቀር ይቀራል፤ አባቴ ግን ያለ በቅሎ ከተለቀሰለት ሁለተኛ መሞቱ ነው። ከጎረቤት እንዋስ ቢባል እናቴ እምቢ አለች። "በሰው በቅሎ አይለቀስለትም። ያፍራል" አለች።

ወንድሜ በኮረም በኩል መጣ። በበጋ የጭነት መኪና እንኳ እያቃሰተ የሚያልፈውን መንገድ በምን እንደመጣበት ሳይ ክው አልሁ። ቀይ፣ ጣሪያ የሌላት፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ የቀረው የሽቅድምድም መኪና! ጣሊያኑ አሠሪው አገሩ ሲገባ የለቀቀለት ናት አሉ። እውነቱን ልናገር፣ አማረችኝ። እንባዬ ሳይደርቅ ዓይኔ እንደ አባቴ ዓይን ከፊቷ እስከ ኋላዋ ሄደ፤ አንድም የሚነቀፍ አላገኘሁባትም። ወዲያው ደግሞ ተናደድሁ። እኛ የዱር ጎመን ስንለቅም እሱ ይህችን ሲወለውል ነበር።

አልቅሶ ሲያበቃ ወደ በረቱ ተመለከተ። "በቅሎዋስ?" አለኝ።

"በልተናታል" አልሁት።

ቀስ ብሎ ገባው። መኪናዋን ተደግፎ ቆመና ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። በማግስቱ ጧት ራሱን ተላጭቶ ወደ አጎታችን ሄደ፤ እኔም ተከተልሁት። አጎቴ የአባቴ ታላቅ ወንድም ነው፤ የለቅሶውን ሥርዓት የሚያዘው እሱ ነበር።

"አጎቴ፣ በርኖሱን በመኪናዋ ላይ እናድርገውና ትዙር። ሌላ የምሰጠው የለኝም" አለው ወንድሜ።

አጎቴ ሲናደድ በኽምጣና ነው የሚሳደበው። የልቡን ካደረሰ በኋላ ወደ አማርኛ ተመለሰ። "ቀይ ለብሶ ለቅሶ የሚገባ ማንን አይተሃል?"

"ብረት እኮ ናት፣ ልብስ አይደለችም።"

"ለብሰሃት መጥተህ የለም እንዴ?"

ወንድሜ ሊወጣ ዞረ። እኔ ግን አባቴ ያለ በቅሎ ሊለቀስለት ነው ብዬ አሰብሁና ዝም ማለት አልቻልሁም። "እኛ ጥቁር የምንለብሰው ነጭ ሸማችንን ነክረን አይደለም? እሷም ትነከር" አልሁ። አጎቴ የለበሰውን ጥቁር ሸማ ጫፍ ዳሰሰ። ኋላ "እንግዲያው ማንም እንዳይቀመጥባት። ሞተሯም እንዳይጮህ" ብሎ ተነሣ።

አመድና የመንገድ አፈር በውሃ በጠበጥን። ያን ሁሉ ርቀት ጭረት እንዳይነካት ሲሳሳላት የመጣው ወንድሜ የመጀመሪያውን እፍኝ በገዛ እጁ ለጠፈባት። ከአንገቷ ከደረቷ እያልን ቀባናት። ጭቃው ሲደርቅ ቀዩ ከሥር እያሳየ አዲስ ቀለም ወጣ። እጄ ቀጥ አለ። ዳማ ሆናለች።

ለቅሶው ሜዳ ላይ የአባቴን በርኖስ መቀመጫው ላይ ዘረጋነው፤ ጠመንጃውን ከላይ አጋደምነው። ወንድሜ ያንን የተሰቀለ ልጓም አውርዶ ፊቷ ላይ አሰረ፤ ገመድ ጨመረበትና በትከሻው ሳባት። እኔ በጎኗ እየሄድሁ እጄን አስገብቼ መሪዋን ይዣለሁ። ድንጋዩ አስቸገረን፤ ሁለት ሦስት ሰው ከኋላ ገፋ። መጀመሪያ ሕዝቡ ቆሞ ያይ ነበር፤ እንዳይስቁብን ፈራሁ። አልቃሿ ግን ብልህ ናት። መኪና የሚለውን ቃል ሳትነካ "ዳማዋ መጣች፣ ጌታዋ የት ቀረ?" ብላ አወረደችው። ሜዳው በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈነዳ። እኔም ያን ቀን አባቴን ከልቤ አለቀስሁለት።

ሰዉ ሲበተን እናቴ በዝግታ መጣችና መዳፏን መኪናዋ ፊት ላይ አሳረፈች። ፀሐይ ሲመታት ስለዋለ ብረቱ ግሏል።

"ትሞቃለች" አለች። ቆየት ብላ "ቀለሙን ይወድላት ነበር። ቁመቷን ግን አይወድም። እግሩን የት ያደርገዋል?" ስትል ጨመረች።

ወንድሜ ሳቅና ለቅሶ ተደባለቀበት። ገመዱ ትከሻውን ልጦታል። "እማዬ፣ ሸጫት በቅሎ እገዛልሻለሁ። ዳማ በቅሎ" አላት።

እናቴ በርኖሱን ከመቀመጫው አንሥታ አራገፈችው፤ ልጆች ሳለን ልብሳችንን እንደምታጥፍልን አጠፈችው።

"ማን ሊቀመጥባት፣ ልጄ?" አለችው።

ወንድሜ ጎንበስ ብሎ ልጓሙን ይፈታ ጀመር።