ብስክሌቱ የተደገፈበት ድንጋይ

በባህር ዳርቻ፣ በጠጠር መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ነፍስን ያሳርፋል ይባላል። አያሳርፍም። ይህን የምለው እኔ ባህርን በዓይኔ አይቼ የማላውቅ የወልድያ ሰው ነኝ፤ ስለዚህ ቃሌን ላለመቀበል በቂ ምክንያት አላችሁ። ስለ ባህር ዳርቻ ከተጻፈው ግን ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። ሰውዬው ከከተማ ይወጣል፣ ሰማያዊውን ውኃ ያያል፣ ከዚያ ራሱን ያገኛል። ራሱን መጀመሪያ የት እንደጣለው አንዱም አይነግረንም።

እኔ ብስክሌት የጀመርኩት ራሴን ፍለጋ አይደለም፤ ሐኪም በስኳር አስፈራርቶኝ ነው። በእኛ ከተማ ፀጉሩ የሸበተ መምህር ብስክሌት ላይ ሲወጣ ሰው ስለ ጤናው አይጠይቅም፤ ስለ አእምሮው ነው። ባጃጅ ነጂዎች እያዘገሙ ጎኔ ይመጣሉ። «ፋዘር፣ ከነሳይክልህ ልጫንህ?» ይሉኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ከወልድያ ተነስቼ በሲሪንቃ በኩል መርሳ እወርዳለሁ። አስፋልቱን ከጭነት መኪና ጋር መጋራት ስለማይመቸኝ ከመርሳ ወዲያ ወደ ጠጠሩ እገባለሁ፤ ግራና ቀኝ ማሽላ፣ መሐሉ ኮረኮንች። መርሳ በዐረብኛ ወደብ ማለት ነው ይላሉ የሚያውቁ። እንግዲህ ወደቡ እኛ ጋ ቀርቷል፣ ባህሩ ነው የሄደው።

በዚያ መንገድ ላይ የግራር እሾህ ጎማዬን ያልወጋበት ቅዳሜ ጥቂት ነው። የመርሳውን ጎሚስታ የተዋወቅሁት በዚህ ነው። ስድሳ ያለፋቸው፣ ጢማቸውን በሂና ያቀሉ፣ የባጃጅም የብስክሌትም ጎማ የሚጠግኑ ሰው ናቸው። ከፊታቸው ውኃ የሞላ ሳፋ አለ። ከመነዳሪውን፣ ማለትም በጎማው ውስጥ ነፋስ የሚይዘውን ላስቲክ፣ እየነፉ ሳፋው ውስጥ ይነክሩታል፤ የተበሳው ቦታ አረፋ ያወጣል። እስኪ እዚህ ጋ ይሆናል እያልኩ በጣቴ ሳሳያቸው፣ «ተው መምህር፣ አንተ መጽሐፍ ጠይቅ፣ እኔ ውኃውን ልጠይቅ» ይሉኛል።

«አያ፣ ይሄ ጎማ ስንተኛ ልጣፉ ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው አንዴ።

«ጎማ የለህም እኮ። ልጣፍ ላይ ነው የምትሄደው።»

ሱቃቸው በር ላይ ተቀምጠው አብረው ከሚስቁት ጎረቤቶቻቸው ነው የልጃቸውን ነገር የሰማሁት፤ እሳቸው አላነሱልኝም። ልጃቸው ከአራት ዓመት በፊት ከሰፈሩ ልጆች ጋር ወደ ሳዑዲ ተነሳ። መንገዱ የታወቀ ነው፤ በአፋር ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በእግር በባህሩ ጠርዝ፣ ከዚያ ጀልባ ላይ። ባህሩ ዳር ሲደርሱ በሰው ስልክ ደውሎ፣ «አባዬ፣ ባህሩን አየሁት፤ እንዴት ያምራል መሰለህ» አለ። ከዚያ በኋላ አልደወለም። ሁለት ጓደኞቹ ሳዑዲ ገቡ። ሲጠየቁ፣ «እሱ ተቀመጠ» አሉ።

ይህ ቃል መርሳ ባለችበት በሀብሩ ወረዳ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ልንገር። ከዚያ መንገድ የተረፈ ልጅ፣ ጓደኛው ሞተ አይልም። ሞተ ካለ የት ቀበራችሁት ይባላል፤ ማን አጠበው፣ ማን ሰገደበት ይባላል። ስለዚህ «ደከመውና ተቀመጠ» ይላል። በዚህ አነጋገር ከሄድን፣ ከወረዳው ወጥተው በዚያ ዳርቻ የተቀመጡት ልጆች አንድ መንደር ይሞላሉ። አባትየው በዚህ ቃል ታስረው አራት ዓመት ኖረዋል። የሞተ ልጅ በሩቅ አገር ቢሆን እንኳ የሚሰገድለት ሶላት አለ፤ ለተቀመጠ ልጅ ግን አይሰገድም። እናትየው ደግሞ በየዓረፋው አዲስ ጀለቢያ ታሰፋለታለች። በየዓመቱ ትከሻውን ትንሽ ታሰፋዋለች፣ ልጅ ያድጋል ብላ።

ይህን ሁሉ እያወቅሁ ነው ያን ሞኝነት የሠራሁት። መማር ከሞኝነት ያድናል የሚሉ ሰዎች ብዙ የተማረ ሰው አላጋጠማቸውም።

አንድ የውጭ አገር ብስክሌተኛ የጉዞ ፊልም ከኢንተርኔት ስልኬ ላይ ጭኜ ነበር። ሰውዬው እንደኔው በጠጠር መንገድ ይሄዳል፤ ልዩነቱ በግራው ማሽላ ሳይሆን ባህር መሆኑ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ነጭ አሸዋ፣ ሰማያዊ ውኃ፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ሙዚቃ። ጎሚስታው ከመነዳሪዬን በሞረድ እየፋቁ ሳለ ልቀልድ ፈልጌ ስልኩን አስጠጋሁላቸው።

«ይኸው ይዩ፣ እንደኔ ያለ እብድ ሌላም አገር አለ።»

ፈገግ አሉ። «የሱ ጎማ ግን አዲስ ነው» አሉ። ከዚያ ሞረዱን አስቀመጡ። «የት ነው ይሄ?»

ጅቡቲ መሆኑን ያስታወስኩት ያን ጊዜ ነው። መዋሸት ይቻል ነበር። «ጅቡቲ» አልኩ።

በፊልሙ ውስጥ ሰውዬው ወረደ። ብስክሌቱን ከመንገዱ ዳር ባለ የድንጋይ ክምር ላይ አስደገፈ፣ ከኮዳው ውኃ ጠጣ፣ ወደ ባህሩ ዞሮ እጆቹን ዘረጋ።

«መልሰው» አሉኝ። መለስኩት። «እዚያ ላይ አቁመው።» አቆምኩት።

ክምሩ ረዘም ያለ ነበር። በአንደኛው ጫፍ አንድ ድንጋይ ቆሟል፣ በሌላኛው ጫፍ ሌላ።

«ቀብር ነው» አሉ።

ልማዴ መቃወም ነው፤ ሰው ያለውን ሁሉ በተቃራኒው ማየት እንጀራዬ ሆኖ ኖሯል። «አያ፣ ከብት ጠባቂዎች ለምልክት የከመሩት ሊሆን ይችላል» አልኩ።

«ለምልክት የከመረ ሰው የራስጌና የግርጌ ድንጋይ ያቆማል?» በማስቲሽ የቆሸሸ ጣታቸውን መስታወቱ ላይ አሳረፉ። «እሱን ተወው። ይሄን እይ።»

ከግርጌው ድንጋይ ሥር ጸሐይ ያነጣው ቢጫ ጀሪካን ወድቋል። አንገቱ ላይ ጥቁር ማንገቻ አለ፤ ሦስት ሆኖ የተጎነጎነ ላስቲክ። ጫፉ ላይ ትንሽ የብረት ነገር ያብለጨልጫል።

ከአጠገባቸው ከተሰቀለው የአሮጌ ከመነዳሪ ጥቅል አንዱን ሳቡና ነፋስ የሚገባበትን አጭር የብረት ቧንቧ ያዙ። «ገመድ ትከሻ ይልጣል። እኔ ላስቲኩን ሦስት ቦታ ቀድጄ እጎነጉነዋለሁ፤ ይቺን ቧንቧ አልቆርጣትም፣ እንደ ቁልፍ ትገባለች። እንደዚህ የሚሠራ ሌላ ሰው አላውቅም።»

«ለልጅዎ የሠሩለት ነው?»

«ለሱም ሠርቻለሁ።» ላስቲኩን ለቀቁት። «ለሁሉም ሠርቻለሁ መምህር። ሊሄዱ ሲሉ ጀሪካናቸውን ይዘው እዚህ ይመጣሉ። ለእርሻ ነው ይሉኛል፣ እኔም እሺ እላለሁ። አትሂዱ ብላቸው አይሰሙኝም፤ ቢያንስ ውኃ አንግተው ይሂዱ አልኩ። የማን ልጅ እንደሆነ አላውቅም። የእጅ ሥራው ግን የኔ ነው።»

ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ልጣፉን ለጠፉ፣ ከመነዳሪውን በፖምፓ ነፍተው ሳፋው ውስጥ ነከሩት፣ አረፋ አለመኖሩን እስኪያረጋግጡ ተመለከቱት። ያለወትሯቸው ቆዩ። ውኃው አንድም አረፋ ባያወጣም እሳቸው ማየታቸውን አላቆሙም።

ለብስክሌተኛው እዚያው ኢንተርኔት ላይ፣ በፊልሙ ሥር ጻፍኩለት። ድንጋዩ ያለበትን ቦታ ያስታውሳል ወይ፣ የተጻፈ ነገር ነበረበት ወይ፣ ልብስ አይቷል ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ጨዋ ሰው ነው፣ ፈጥኖ መለሰልኝ። ቦታውን በትክክል አላስታውስም፣ ግን በጉዞዬ ሁሉ እንደዚያ የሚያምር ማረፊያ አላገኘሁም አለኝ። ድንጋዩ ብስክሌቱን በደንብ ደግፎለት እንደነበር ጨመረበት። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን እኔም ፊልሙን ከአንድም ሦስቴ አይቼው ነበር፣ ባህሩን እያደነቅሁ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎማዬ ሳይበሳ ሄድኩ። ሚስታቸው ሱቁ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሰላምታዬን ሳልጨርስ እጇን ዘረጋች፤ ስልኩን ሰጠኋት። ጎንበስ ብላ አየችው።

«የኔ ልጅ አይደለም» አለች።

«አንቺ ሴት...» አሉ ባሏ።

«አይደለም አልኩ! የኔ ልጅ የአባቱን ሥራ መሬት ላይ አይጥልም።»

«እሱ ጣለው ያለሽ ማነው? ሰው ነው ያስቀመጠው።»

«እንግዲያስ ያ የሌላ ሴት ልጅ ነው። ሂድ ለሷ ንገራት።» ስልኬን ደረቴ ላይ ጥላልኝ ወደ ቤቷ ገባች።

ባልየው መስጊድ ሄደው ጠይቀው እንደነበር ነገሩኝ። በርግጠኝነት መሞቱ ካልታወቀ እንዴት ይሰገዳል አሏቸው አሉ። «ለዚያ ለማላውቀው ልሰግድ አልኩ። ከዚያ ደግሞ አሰብኩት። ለሱ ከሰገድኩ፣ ጎረቤቶቼ ‹የኛን ልጅ ሞቷል ብለህ ፈረድህበት› ይሉኛል። ማንገቻ የሠራሁለት ሁሉ አባት አለው።» ሳቅ የሚመስል ነገር ከአፋቸው ወጣ። «ውኃው ይነግረኝ ነበር ሁልጊዜ።»

ሳዑዲ ላሉት ለሁለቱ ልጆች እንደገና አስደወሉ። እኔ አጠገባቸው ተቀምጬ ነበር። አንደኛው ቁጥሩን ቀይሯል። ሁለተኛው አነሳ፤ ከጤናቸው እስከ ከብቱ ጠየቀ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቀ፣ የመርሳ ማንጎ ደረሰ ወይ አለ። አባትየው፣ «ልጄ፣ አልቆጣህም። ወላሂ አልቆጣህም። አንድ ቃል ብቻ ንገረኝ» አሉት። ስልኩ ውስጥ የመኪና ድምፅ ይሰማ ነበር። ከዚያ፣ «ጋሼ፣ ደክሞት ነበር፤ ተቀመጠ» አለና ዘጋ።

ማንገቻ መሥራት አቁመዋል። ጀሪካን ይዘው የሚመጡት ልጆች አሁን በገመድ አንግተው ይሄዳሉ፤ ትከሻቸው እየተላጠ። መሄዱ አልቀረም። ጀለቢያውም ዘንድሮ ተሰፍቷል።

እኔ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ በጠጠሩ እነዳለሁ፤ ስኳሬ ወርዷል፣ ነፍሴ ግን ያው ናት። ከመንገዱ ዳር ብስክሌቴን ድንጋይ ላይ ማስደገፍ ትቻለሁ፣ መሬት ላይ አስተኛዋለሁ።

አንተ ግን ይህን የምታነበው፣ ከዚያ ዳርቻ ተርፈህ የወጣህ ከሆነ፣ ለአንድ አባትም «ተቀመጠ» ብለህ ከነበረ፣ አሁን ስልክህን አንሳና «ሞተ» በለው።